የገብርኤል ዝክር ድፎ፦ አጋገሩም አቆራረሱም

ሐዋሳ ላይ ለታኅሣሥ ገብርኤል የምትዘክሩ ሁሉ፣ አንድ አደራ አለኝ። ብዙ ትንንሽ ዳቦ አትግዙ፤ አንድ ትልቅ ድፎ ጋግሩ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች፣ ከአንዱ እንጀራ ስለምንካፈል ብዙዎች ሳለን አንድ አካል ነን ብሏል (1ኛ ቆሮ. 10፥17)። ይህ ስለ ቁርባን ነው። የዝክር ዳቦ ቁርባን አይደለም፤ ለልጆች ይህን አስቀድማችሁ ንገሩ። የቁርባኑ ኅብስት በቤተ ልሔም ይዘጋጃል፣ በቅዳሴ የጌታ ሥጋ ይሆናል። እኛ ከዚያ ማዕድ የተማርነውን አንድነት ነው በቤታችን የምንኖረው። ለዚህ ነው ድፎው አንድ ይሁን የምለው።

ታኅሣሥ 19 በነቢያት ጾም ውስጥ ይውላል። ስለዚህ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የለም። 2 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ እርሾ፣ ጨው፣ ጥቁር አዝሙድና ትንሽ ዘይት ይበቃል። ለብ ባለ ውሃ አቡኩትና ኩፍ እስኪል ተዉት። ኮባ እዚህ አያስቸግርም፣ ዙሪያችን እንሰት ነው። አጥባችሁ እሳት ላይ አሳልፉት፤ ካልለሰለሰ ይሰነጠቃል። ምጣዱ ላይ አንጥፉት፣ ሊጡን አፍስሱ፣ በኮባ ሸፍናችሁ ክደኑ። በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ መጋገሩ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ገልብጡት።

ሲቦካ ልጆች አጠገባችሁ ይሁኑ። የስንዴ ቅንጣት ምድር ላይ ወድቃ ካልሞተች ብቻዋን ትቀራለች (ዮሐ. 12፥24) የሚለውን የምነግራቸው እጃቸው ዱቄት እንደነካ ነው። ትልቋ ልጄ "ታዲያ ስንዴዋ አላዘነችም?" ብላኛለች። ጌታ ስለ ራሱ ሞት እንደተናገረ፣ ወዶም ራሱን እንደሰጠን ነገርኳት። ዝም ብላ ማቡካቷን ቀጠለች።

የንስሐ አባት ሲመጡ ድፎው ሳይነካ ይቅረብ። አቡነ ዘበሰማያት ተደግሞ፣ በመስቀል ተባርኮ ይቆረሳል። ለታመመና ደጅ ላለ ነዳይ የሚደርሰው መጀመሪያ ይነሳ፤ መጨረሻ ከተባለ ይረሳል።

ሌላ እምነት ያለው ጎረቤት ካላችሁ ጠይቃችሁ ስጡ። የዝክር የማይበላ አለ፣ ቅር አይበላችሁ። እኔ ለጎረቤቴ ከሊጡ ቀንሼ ለብቻው እጋግርላታለሁ።

ፍርፋሪውን አትጥረጉት። ጌታ 5 የገብስ እንጀራ ለሕዝቡ ካበላ በኋላ ቁርስራሹን አስለቅሟል፣ 12 መሶብ ሞልቷል። ልጆቹ ይልቀሙት። የተረፈው ቁራሽ በማግስቱ ለቁርስ ይሆናል፤ ከደረቀ በሻይ ይበላል።