የክላርኔት መገጣጠሚያ ሲላላና ሲጣበቅ፦ ችግርና መፍትሔ

ክላርኔት ከሳጥኑ አምስት ቁራጭ ሆኖ ይወጣና በአራት ቦታ ይገጣጠማል። በአራቱም ቦታ ወንዴው ጫፍ ላይ 1.6 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ቡሽ ተለጥፎ ወደ ሴቴው ይገባል፤ አየሩን አግቶ የሚይዘውም ይኸው ቡሽ ነው። ጅማ ውስጥ መሣሪያ ይዞ የሚኖር ሰው ክረምቱ ቡሹንም እንጨቱንም እንዴት እንደሚፈትን ያውቀዋል። እኔ የማምነው ጠጋኝ አዲስ አበባ ስላለ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው በሄርማታ ገበያ በሚገኝ ነገር ቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችለውን ብቻ ነው።

ችግር፦ ዝቅተኛዎቹ ድምፆች እምቢ ይላሉ፤ መሣሪያው ሲጥ ይላል

ብዙ ሰው ወዲያው ክር ለመጠምጠም ይቸኩላል። ይሁን እንጂ አየር የሚያፈሰው መገጣጠሚያው ይሁን ወይስ ከቁልፎቹ ሥር ያሉት ትራሶች አስቀድሞ መለየት ይገባል። የላይኛውን ቁራጭ ብቻውን ይያዙ፤ በግራ እጅዎ ጣቶች ቀዳዳዎቹን፣ በቀኝ መዳፍዎ የታችኛውን ጫፍ ይዝጉና ከላይ አየሩን በአፍዎ ይሳቡ። ከንፈርዎ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ተጣብቆ ከቆየ ትራሶቹ ደህና ናቸው። ከዚያ በርሜሉን፣ ማለትም በአፍ መንፊያውና በላይኛው ቁራጭ መካከል የሚገባውን አጭር ቁራጭ፣ ገጥመው ያንኑ ይድገሙ፤ አሁን አየሩ ሾልኮ ከገባ ጥፋተኛው የበርሜሉ መገጣጠሚያ ነው። መካከለኛው መገጣጠሚያ ደግሞ ሁለቱን ቁራጮች ይዘው በቀስታ ሲወዘውዙት ቀጭ ቀጭ ካለ ራሱን ያጋልጣል።

ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የቡሹ መታመቅ ነው። ቡሽ ሲጨመቅ የሚመለስ ቅርፊት ቢሆንም፣ ክላርኔቱ ለወራት ተገጣጥሞ ከከረመ መመለሱን ይተዋል። ስለዚህ መሣሪያውን ገጣጥሞ ግድግዳ ላይ ማቆም፣ ቤቱን ቢያሳምርም፣ የቡሽ ጠላት ነው።

መፍትሔው ክር ነው፤ የክሩ ዓይነት ግን ወሳኝ ነው። የናይለን ክር ያንሸራትታል፤ ስለሚለጠጥም ጠብቆ ሲጠመጠም እንጨቱን እያነቀ ይሄዳል። የቧንቧ ሠራተኞች ነጭ ቴፕ፣ ማለትም ቴፍሎኑ፣ ለአንድ ምሽት ያገለግላል፤ ይሁን እንጂ በእያንዳንዱ መግጠምና መንቀል ይሸበሸባል፣ ሲደራረብም ሴቴውን ከውስጥ ይገፋዋል። ወረቀትን አንሥቶ መናገርም አያስፈልግም። የተሻለው ቀጭን የጥጥ ፈትል በንጹሕ ሰም የተቀባ ነው። የስኮትላንድ ባግፓይፕ (ከረጢት ያለው የትንፋሽ መሣሪያ) ነፊዎች መገጣጠሚያቸውን በሰም በተነከረ የሄምፕ ክር የሚጠመጥሙት ለዚሁ ነው፤ የእነርሱም መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከክላርኔቱ ጋር ከአንድ ዓይነት ጥቁር እንጨት ነው። ለቅኝት ወጣ ገባ በሚለው ክፍል ላይ ልስልሱን የንብ ሰም፣ ጸንቶ መቆም በሚገባው ላይ ደግሞ የሚያጣብቀውን ጥቁር የጫማ ሰፊ ሰም ይመርጣሉ። ለክላርኔትም ይህ ልዩነት ይሠራል፤ ቅኝቱን ዝቅ ለማድረግ የምንስበው በርሜሉን ስለሆነ፣ እዚያ ላይ የሚደረገው ክር ከሌሎቹ ይልቅ ቀጭንና ልስልስ መሆን አለበት።

ሰሙን ለማግኘት ጅማ ውስጥ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከጠጅ ቤት የተጣለ ሰፈፍ ይለምኑ፤ በውኃ ውስጥ ቀስ ብለው ያፍሉት፤ በአሮጌ ነጠላ ያጥልሉትና ያቀዝቅዙት። ከላይ የሚረጋው ቢጫ ክብ ሰም ነው፤ ከሥሩ ያለውን ቡናማ እድፍ በቢላ ይፋቁለት። የሰሙን ጉብታ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት ይዘው ፈትሉን ሦስት ጊዜ ያህል ጎትተው ቢያሳልፉት፣ ክሩ ከነጭነት ወደ ማር መልክ ሲለወጥና ጣት ላይ ትንሽ ሲይዝ ይታያል፤ ይህ ይበቃል። (ጧፍ ቀድሞ ሰም የጠጣ ፈትል ነውና አንድ ወዳጄ እሱኑ ጠምጥሞ ነበር። ሰሙ እጅግ ስለበዛበት መሣሪያውን ለመንቀል ሁለት ሰው አስፈለገ።)

ሲጠመጥሙ አይጎትቱ፤ ክሩ በራሱ ክብደት ተኝቶ ጎን ለጎን እንዲሄድ ያድርጉ። መሣሪያውን ሲገጥሙ የሚያዞሩበት አቅጣጫ ክሩን የሚያጠብቅ እንጂ የሚፈታ እንዳይሆን ይጠንቀቁ። በየጥቂቱ ዙር ይሞክሩት። በእጅ ያለ ግብግብ ከገባ፣ ሲወዘውዙትም ካልተነቃነቀ፣ እዚያው ያቁሙ።

ችግር፦ መገጣጠሚያው አይላቀቅም

ይህ የሐምሌና የነሐሴ ችግር ነው። ከተማችን በዓመት 1,500 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ የሚወርድባት ስለሆነች እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ የነፊው ትንፋሽ ደግሞ ከውስጥ ይጨምርበታል። እኔ በአንድ ክረምት ቸኩዬ ቁልፎቹን ጨብጬ አጣመምኩና የላይኛውንና የታችኛውን ቁራጭ የሚያገናኘውን ዘንግ አጎበጥኩት፤ ጥፋቱ የራሴ ነበር። ዘይት ማንጠብጠብም አይረዳም፤ ወደ ትራሶቹ ይፈስሳል። ትክክለኛው መንገድ ውስጡን በጨርቅ አድርቆ፣ ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ፣ ነፋስ በሚያገኝ ደረቅ ክፍል አንድ ሁለት ቀን ማስቀመጥ፣ ከዚያም መገጣጠሚያው አጠገብ ቁልፍ የሌለበትን ቦታ ይዞ በትንሽ በትንሹ ወዲህና ወዲያ ማዞር ነው። ከዚያ ወዲህ ሐምሌ ሲገባ ከመካከለኛው መገጣጠሚያ ሁለት ዙር ክር እፈታለሁ፤ ጥቅምት ሲጋመስ እመልሳለሁ።

ችግር፦ ቡሹ ይላጣል ወይም በቦታው ይሽከረከራል

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቅባቱ ነው። ቫዝሊን በየቤቱ ስላለ ሁሉም ይቀባዋል፤ ነገር ግን ከነዳጅ የሚወጣ ቅባት ስለሆነ ቡሹን ያጣበቀውን ማስቲሽ ያለሰልሰዋል። የኑግና የተልባ ዘይት በአየር ላይ እየደረቁ ሙጫ ይሆናሉ፤ ቅቤ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል። እኔ የምጠቀመው አንድ እጅ ሰም ከሁለት እጅ የጉሎ ዘይት ጋር በለሰለሰ እሳት አቅልጬ በትንሽ ቆርቆሮ ያረጋሁትን ነው፤ የጉሎ ዘይት አይደርቅም። ከምስር ፍሬ የማይበልጥ በጣት ይቀባል፣ ትርፉ ይጠረጋል።

ቡሹ ከተላጠ አዲስ መለጠፍ ይሻላል። የጠርሙስ ቡሽ ፍርፋሪው ተጨፍልቆ የተሠራ ከሆነ ይበታተናል፤ ከአንድ ወጥ ቅርፊት የተቆረጠ ከተገኘ ግን በምላጭ ስስ ተደርጎ ይቆረጣል። አሮጌው ማስቲሽ ከእንጨቱ ተፍቆ እስኪጠራ ድረስ አይጀምሩ። በሁለቱም ገጽ ስስ ማስቲሽ ይቀቡ፤ ሲነኩት የማይዝ እስኪሆን ይጠብቁ፤ ሁለቱ ጫፎች ተደራርበው ጉብታ እንዳይሠሩ አስቀድመው ሰያፍ አድርገው ይቁረጧቸው። ከዚያ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እየሞከሩ ማሳነስ ነው።

ሴቴው ጠርዝ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካዩ ግን ክሩንም ማስቲሹንም አስቀምጡና ቁራጩን በጨርቅ ጠቅልለው ወደ ጠጋኝ ይላኩ። እዚያ ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ዙር ክር ስንጥቁን ይከፍተዋል።