የድሮ የክፍል ጓደኞችን ስታሰባስቡ የሚሠሩ ስህተቶች

የሁለተኛ ደረጃ ባቾችን ቅዳሜና እሁድ በማሰባሰብ ሥራ ላይ ቆይቻለሁ። ብዙው ጥፋት እዚያው ይታረማል። አንዱ ግን ሰው ልብ ውስጥ ስለሚቀር ከእሱ ልጀምር።

እሱም የሚጠሩትን ሰዎች ስም ከተመራቂዎች ዝርዝር ላይ ብቻ መገልበጥ ነው። ክፍል የደገመው፣ በሕመም ወይም በቤት ችግር ያቋረጠችው፣ ትምህርት ቤት የቀየረው ሁሉ እንዳልነበሩ ይሆናሉ። አንድ ጊዜ መመዝገቢያው ጋ ቆሜ ያየሁት አይረሳኝም። የታተሙት ባጆች በፊደል ተራ ተደርድረዋል፤ ሰውዬው ስሙን ከላይ እስከ ታች ፈለገ፣ የለም። አስተናጋጇ ባዶ ባጅ አንሥታ በእስክሪብቶ ጻፈችለት። ኮቱን ቆልፎ ባጁን ሸፈነው፤ ከምሳ በኋላ ፈልጌ አጣሁት። ከብዙዎቹ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ለዓመታት የተቀመጠ ልጅ ነበር እኮ! የማስታወስ ችሎታን የሚያጠኑ ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ ሰው ዕድሜው ሲገፋ በብዛት የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ድረስ ያሳለፈውን ነው። ያቋረጠውም ያንን ጊዜ ከጨረሰው እኩል ይዞት ይኖራል። እባካችሁ ከመጀመሪያው ዓመት ሮስተር ተነሡ። ለየሴክሽኑ አንድ ሰው መድቡና «ከእኛ ጋር የነበረ፣ እዚህ ላይ ያልተጻፈ ማን አለ?» እያለ ይጠይቅ። ቴሌግራም ግሩፕ መክፈትም መጥራት አይደለም፤ ግሩፑ ውስጥ የሌለ ሰው ይደወልለት።

የሞቱትን ስም ከማንበባችሁ በፊት ከቤተሰብ አረጋግጡ። በሕይወት ያለን ሰው ስም ከሟቾች ጋር ያነበበ ኮሚቴ ይቅርታው አያልቅም።

ሁለተኛው የሚያናድደኝ ሙዚቃው ነው። ተራ ወሬ በድምጽ መለኪያው 60 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ ዲጄው ከ85 በላይ ሲለቅበት ሰው ጓደኛው ጆሮ ላይ መጮህ ይጀምራል። ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ በጫጫታ መሀል ንግግር መለየት ይከብዳል። ሰዎቹ የመጡት ለማውራት ነው። ድምጹን ቀንሱት፤ ንግግር የሚያደርጉትንም ሰዎች ቁጥር ቀንሱ።

ተራ በተራ እየተነሡ «ስሜ እገሌ፣ የምሠራው ይህን» ማስባሉንም ተዉት። በዚያ ሰሞን ሥራ ያጣው ሰው ተራው እስኪደርስ የሚሆነውን አይቻለሁ። ከዚያ ይልቅ ማን አጠገብ ይቀመጥ እንደነበር ይናገር፤ ቤቱ በአንድ ጊዜ ይሞቃል።

ባጁ ላይ ስሙ ከሁለት እርምጃ ርቀት እንዲነበብ በትልቁ ይጻፍ፣ በቀኝ ደረት ላይ ይደረግ፤ ሰው ሲጨባበጥ ዓይኑ ወደዚያ ይሄዳል። የድሮ ቅጽል ስም ባለቤቱ ካልጠየቀ አይጻፍ፤ እናንተን ያሳቃችሁ ስም እሱን ሲያስለቅሰው ኖሮ ሊሆን ይችላል።

መዋጮውን ሁለት ሰው ይያዘው፣ ሂሳቡም ለሁሉም ይታይ። መክፈል ያልቻለውን፣ ሰው ፊት አትጠይቁት።

የጋራ ፎቶ ቅዳሜ ቀን ላይ ይነሣ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ግማሹ መንገድ ላይ ነው። እሁድ ጠዋትን ደግሞ ያለ ምንም ፕሮግራም ተዉላቸው፤ ቅዳሜ ተፋፍረው የዋሉት ሰዎች ቁጭ ብለው የሚያወሩት ያኔ ነው።