አረንጓዴ ግዥን ከሳሙናው ጀምሩ

የምሠራው ባሕር ዳር፣ በአንድ ትልቅ ድርጅት የግዥ ክፍል ነው። አረንጓዴ ግዥ፣ ማለትም አካባቢን ብዙ የማይጎዳ ዕቃ መርጦ መግዛት፣ ሲነሳ ብዙው ሰው ስለ ሶላር ያወራል። እኔ ግን መጀመሪያ የጽዳት ዕቃውን እዩ እላለሁ። ጣና ላይ የተንሰራፋው እምቦጭ የሚፋፋው በናይትሮጅንና በፎስፈረስ ነው። ከእርሻ ማሳ የሚታጠበው ብዙ ቢሆንም የከተማው ፍሳሽም አለበት፤ እኛ ልንቆጣጠረው የምንችለው ደግሞ ይህንኑ ነው።

ከመጋዘን ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ መመዝገቢያ ካርድ) ላይ በዓመቱ ስንት ኦሞ፣ በረኪናና ፈሳሽ ሳሙና እንደወጣ አውጡ። ቀጥሎ የጨረታ ሰነዱ ላይ «ፎስፌት የሌለው» ብላችሁ በግልጽ ጻፉ፤ ፎስፌት አንዳንድ ሳሙና ውስጥ የሚገባ፣ ፎስፈረስ ያለበት ውህድ ነው። «ለአካባቢ ተስማሚ» ካላችሁ ሁሉም አቅራቢ አሟላለሁ ይላል፣ ውድቅ ማድረጊያም አታገኙም። ከፕሮፎርማው ጋር የኬሚካሉን የደኅንነት መረጃ ሰነድ ጠይቁ፤ ይዘቱ ክፍል 3 ላይ አለ። እዚያ የሚዘረዘሩት ግን በዋናነት አደገኛ የተባሉት ስለሆኑ፣ ሶዲየም ትራይፖሊፎስፌት የሚባለው የሳሙና ፎስፌት ላይጠቀስ ይችላል። ስለዚህ አምራቹ ፎስፌት እንደሌለበት በማኅተም ያረጋግጥ።

አይኤስኦ 14001 (ዓለም አቀፍ የአካባቢ አያያዝ ሥርዓት ደረጃ) አለኝ የሚል አቅራቢ ካለ ጥሩ ነው፤ ምስክር ወረቀቱ ግን ስለ ድርጅቱ አሠራር እንጂ ስለ ሳሙናው አይናገርም።

ዋጋ ስታወዳድሩ በሊትር አታስሉ። ተበጥብጦ አንድ ባልዲ ለመሙላት ስንት ብር እንደሚወጣ አስሉ፤ በብዙ ውሃ የሚበጠበጠው ወፍራሙ ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ባዶ ጀሪካኑን አቅራቢው መልሶ እንዲወስድ ውሉ ውስጥ አስገቡ። ፋይናንስ ካንገራገረ የባልዲውን ስሌት አሳዩት።