ከቶርኖ ቤት የመጣው ዕቃ አልገጥም ሲል፦ የሞተር ሳይክል ጥገና ችግርና መፍትሄ

ድሬዳዋ ከ1895 ዓ.ም. ጀምሮ የባቡር ከተማ ናትና ብረት የሚቀርጽ እጅ አጥታ አታውቅም። ገበያ ላይ የጠፋ የአሮጌ ሞተር ዕቃ እዚህ በልክ ማስቀረጽ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ልኩን በትክክል ይዞ መሄድ ነው። ዕቃው አልገጥም ሲል ሁሉም ባለቶርኖውን (ብረት በሚያዞር ማሽን የሚቀርጸውን ባለሙያ) ይወቅሳል፤ ብዙውን ጊዜ ግን እሱ የቀረጸው የተነገረውን ቁጥር ነው።

የፔርኖው ዳዶ ሲጠብቅ ጎማው አልዞር ይላል

ፔርኖ በጎማው መሃል የሚያልፈው ዘንግ ነው። ዳዶው ላላ ሲል ጎማው እንደ ልብ ይዞራል፣ ሲጠብቅ ይከብዳል። እንዲህ ከሆነ በሁለቱ ኩሽኔታዎች (ጎማውን የሚያዞሩት ባለኳስ ቀለበቶች) መካከል የሚገባውን ስፔሰር፣ ማለትም አራራቂውን ቱቦ፣ ጠርጥሩ፤ አጥሯል። ዳዶው ሲጠብቅ የኩሽኔታዎቹ የውስጥ ቀለበቶች ወደ መሃል ይሳባሉ፣ የውጮቹ ደግሞ ተቀምጠውበት ባለው ትከሻ ተይዘው ይቀራሉ። ኳሶቹ በጎን ይጨነቃሉ፤ አዲስ ኩሽኔታም ቢሆን እንዲህ ተነድቶ ብዙ አይቆይም።

የድሮውን ስፔሰር ለክታችሁ አታስቀርጹ፤ እሱም ተበልቶ ይሆናል። ኩሽኔታዎቹን አውጡና የጎማውን መሃል ጠቅላላ ስፋት በካሊፐር ለኩ። ከዚያ ላይ በሁለቱም ጎን ያለውን የኩሽኔታ መቀመጫ ጥልቀት ቀንሱ። ስፋቱ 98 ሚሊ፣ ጥልቀቶቹ 14.2 እና 13.8 ቢሆኑ 70 ሚሊ ይቀራል። ስፔሰሩ 70.1 ይሁን፤ ትንሽ ይርዘም እንጂ ፈጽሞ አይጠር።

ርዝመቱ ልክ ሆኖም ጫፎቹ ካዘነበሉ ያው ነው። ስፔሰሩን መስታወት ላይ አቁማችሁ በጣት ነካ አድርጉት፤ ከተንገዳገደ ባለቶርኖው ጫፉን እንደገና ይላገው። ስትገጥሙም መጀመሪያ አንዱን ኩሽኔታ እስከ ትከሻው ድረስ አስገቡ፣ ስፔሰሩን ጨምሩ፣ ሁለተኛውን ስፔሰሩን እስኪነካ ብቻ ምቱት። ሲነካ ድምፁ ይለወጣል፤ እዚያ ላይ ቁሙ።

ቶርኖ ቤት ልክ ነበር፣ ቤት ሲደርስ ላላ

ሙቀት ነው። 42 ሚሊ ውፍረት ያለው ብረት ከቶርኖው ትኩስ እንደወጣ ከተለካ፣ 50 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 0.025 ሚሊ ያህል ይቀጥናል። ተጠብቆ ለሚገባ ዕቃ ይህ ማለት ጥብቀቱ በሙሉ ጠፋ ማለት ነው። አሉሚኒየም ደግሞ የብረትን እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። በድሬ ፀሐይ ሞተሩ ላይ ታስሮ የመጣ ዕቃ ወዲያው አይለካም። የሚገጣጠሙትን ሁለቱንም አንድ ጥላ ውስጥ አሳድራችሁ ጠዋት ለኩ።

ኩሽኔታው በእጅ ገብቶ በእጅ ይወጣል

መቀመጫው ሰፍቷል። ግድግዳውን በፑንቶ (በሹል መውጊያ ብረት) መውጋት የተለመደ ነው፤ እኔ ግን አልመክርም፤ ኩሽኔታው የሚይዘው በነጠብጣቦቹ ጫፍ ብቻ ስለሆነ ተመልሶ ይላላል። ቀዳዳውን አስፍቶ ቀለበት ማስገባት ነው መፍትሄው። ቀለበቱ ከቀዳዳው 0.03 ሚሊ ያህል ይበልጥ። የጎማውን መሃል ጠብ ያለ ውሃ እስኪንጫጫ አሙቁ፣ ቀለበቱን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። የቀለበቱ ውስጥ በመጨረሻው ልክ የሚቀረጸው ከገባ በኋላ ነው፤ ሲገባ ይጠባልና።

ዳዶው ሁለት ዙር ገብቶ ይነክሳል

የጥርሱ ርቀት ተለያይቷል። ባለ 12 ሚሊ ብሎን ተብሎ ብቻ ሲታዘዝ የተለመደው የጥርስ ርቀት 1.75 ሚሊ ነው፤ የብዙ የጃፓን ሞተሮች ፔርኖ ግን 1.25 ነው። በጉልበት አታስገቡት። ዳዶውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።

አዲሱ ፔርኖ ጎበጠ

ከግንባታ ፌሮ ተቀርጾ ይሆናል። ፔርኖን ምንነቱ ካልታወቀ ብረት አታስቀርጹ፣ የተሰበረውንም አታስበይዱ፤ በመንገድ ላይ ቢከዳ የሚወድቀው ሰው ነው። ያገለገለ ኦሪጅናል ፈልጉ።

ሁሉም ከገጠመ በኋላ ወደ ሐረር ለመውጣት አትቸኩሉ። መጀመሪያ በሜዳው መንገድ ወደ መልካ ጀብዱ ፍሬን ሳታበዙ ንዱና ቁማችሁ የጎማዎቹን መሃል በእጅ ዳስሱ። ሞቅ ካለ ደህና ነው፤ እጅ ካስለቀቀ ስፔሰሩን እንደገና ለኩ። የደንገጎ ዳገት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።