ቫዮሊኑ ነው ወይስ ክሩ?

"ቫዮሊኔ ይጮሃል፣ ምን ዓይነት ክር ልግዛለት?" ተማሪዎችም የተማሪ ወላጆችም ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። አሁን ያለው ክር ዕድሜው ስንት ነው? "እንጃ፣ ስገዛው የነበረው ነው" ይሉኛል። እንደዚያ ከሆነ የችግሩ ግማሽ ተገኝቷል።

ክር እንደ ወጥ ጨው ነው። ያለውን ጣዕም ያወጣል እንጂ ሽሮውን ዶሮ አያደርገውም። ስለዚህ "የቱ ክር ጥሩ ነው?" ማለት ብዙ አይጠቅምም። መጠየቅ ያለበት "የኔ ቫዮሊን ምን ጎደለው?" ነው። ደማቅና ጯሂ ከሆነ ለስላሳ ክር ይፈልጋል። ድምፁ የጨለመ ከሆነ ደግሞ ደማቅ ክር።

በቅድሚያ ሦስቱን ወገኖች እንለይ። የአንጀት ክር ከበግ አንጀት ይሠራል። የበገናው 10 አውታር ከሚሠራበት ማለት ነው። ድምፁ ሙቅ ነው፤ ግን አየሩ ትንሽ ሲለዋወጥ ቅኝቱ ይፈርሳል። የብረት ክር ርካሽ ነው፣ ቅኝት ይይዛል፣ ርካሽ ቫዮሊኖችም ብዙ ጊዜ እሱ ተወጥሮባቸው ነው የሚመጡት። ሲንተቲክ የሚባለው ውስጡ ከናይሎን ዘር ሆኖ ላዩ በአሉሚኒየም ወይም በብር የተጠመጠመ ነው። ለዚህ መንገዱን የከፈተው የቪየናው ክር አምራች ቶማስቲክ ኢንፌልድ በ1970 ያወጣው ዶሚናንት የተባለ ክር ነው። ዛሬም ሌሎች ክሮች የሚለኩት በእሱ ነው፤ "ከዶሚናንት ይደምቃል"፣ "ከዶሚናንት ይለሰልሳል" እየተባለ።

ጆሮ የሚወጋ፣ ብረት ብረት የሚል ድምፅ

በተለይ ቀጭኗ ኢ ክር ላይ ይብሳል። ልጁ ልምምድ ሲጀምር ቤተሰቡ በር ይዘጋል።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው የብረት ክር ነው። ማወቂያው ቀላል ነው። መቃኛውን በጣም ትንሽ ስታዞሩት ድምፁ ብዙ ከዘለለ ብረት ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። በአራቱም ክሮች ጫፍ ላይ ፋይን ቱነር፣ ማለትም ቅኝቱን በጥቂቱ የሚያስተካክል ብሎን፣ መኖሩም ሌላ ፍንጭ ነው። በክሩ ጫፍ የተጠመጠመው ባለቀለም ሐር ደግሞ የአምራቹ መለያ ነው። ፎቶ አንሱትና አምራቾች ከሚያወጡት የቀለም ሰንጠረዥ ጋር አስተያዩት።

መፍትሔው ወደ ሲንተቲክ መሄድ ነው። ቫዮሊናችሁን ገና ካላወቃችሁት ከዶሚናንት ጀምሩ። አሁንም የሚወጋ ከሆነ ፒራስትሮ የተባለው አምራች ኦብሊጋቶ ወይም የቶማስቲኩ ኢንፌልድ ሬድ ሞቅ፣ ጠቆር ያሉ ናቸው። አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፦ አዲስ ዶሚናንት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱ ብረት ብረት ይላል። ሳይሟሽ አትፍረዱበት። ቢያንስ አንድ ሳምንት ተጫወቱበት።

ገንዘቡ ካጠረ ኢ ክርን ብቻ ቀይሩ። ከአራቱ ብዙ ጊዜ ርካሿ እሷ ናት፣ ለውጧ ግን ወዲያው ይሰማል። ራቁት ብረት የነበረችውን በአሉሚኒየም በተጠመጠመች መተካት ብቻውን ሹል የሆነውን ድምፅ ያለዝባል።

የታፈነ፣ ከብርድ ልብስ ሥር የሚወጣ የሚመስል ድምፅ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እኔም ተሳስቻለሁ።

የመጀመሪያው መንስኤ እርጅና ነው። የሲንተቲክ ክር ሳይበጠስ ይሞታል። በየቀኑ ለሚጫወት ሰው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ካገለገለ በቂ ነው። ድምፁ የሚደክመው ቀስ በቀስ ስለሆነ ጆሮ አብሮ ይለምደዋል። አዲሱን የወጠራችሁ ዕለት ነው "ለካ እንዲህ ነበር!" የምትሉት።

ሁለተኛው የሮዚን፣ ደጋኑ ላይ የሚቀባው ሙጫ፣ ክምር ነው። ነጭ ዱቄቱ ክሩ ላይ ደርቆ ሲጋገር ንዝረቱን ይይዘዋል። ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። አልኮል ግን አታስጠጉ። አንድ ጠብታ ቫርኒሹ ላይ ካረፈች ጠባሳዋ አይለቅም።

ሦስተኛው ውጥረት ነው። እኔ የተሳሳትኩት እዚህ ነው፤ ድምፁ አነሰኝ ብዬ ከፍተኛ ውጥረት ያለው ክር ገዛሁ። በጠነከረ መጠን ይጮሃል ብዬ ነበር። ቫዮሊኑ ጭራሽ ዘጋ። ደጋኑን ብጫነው ይንተፋተፋል፣ ባላላው አይሰማም። የአራቱ ክሮች ጉተት ሲደመር ከ20 ኪሎ ያልፋል። ከዚህ ላይ የተወሰነው ክሮቹን ከሥር በተሸከመው ቀጭን እንጨት፣ በብሪጁ በኩል፣ ስስ የሆነውን የፊት እንጨት ወደ ታች ይጫነዋል። ጫናው ከበዛ እንጨቱ እንደ ልብ መንቀጥቀጥ አይችልም። ወደ ዝቅተኛ ውጥረት ስመልሰው እንደገና ተነፈሰ። ስለዚህ የታፈነ ቫዮሊን ላይ መጀመሪያ ውጥረቱን ቀንሱ። ከዚያ ካልበቃ ቪዥን ወይም ኢንፌልድ ብሉ የተባሉትን ክሮች ሞክሩ፤ ሁለቱም ወደ ደማቅ ያደላሉ።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልተለወጠ ነገሩ የክር አይደለም። ውስጥ የቆመችው ዘንግ፣ ሳውንድ ፖስት የምትባለው፣ ቦታዋን ስታ ይሆናል። እሷን ለባለሙያ ተዉ።

ኢ ክር ሲያፏጭ

ከኤ ክር ወደ ባዶ (ጣት ወዳልተጫነበት) ኢ ስትሻገሩ ድምፁ በመውጣት ፈንታ "ፊ...ት" ብሎ ይቀራል። ተማሪው ጥፋቱ የራሱ ይመስለውና ያፍራል። በከፊል እውነት ነው፣ ግን ፊዚክሱም አለበት። ራቁት የብረት ኢ ወደ ጎን መወዛወዝ ሲገባት በራሷ ዙሪያ እየተጠማዘዘች ትንቀጠቀጣለች። ፉጨቱ የዚያ ነው።

መጀመሪያ የግራ እጃችሁ መሠረት ወይም ጣታችሁ ክሯን እየነካ እንዳይሆን እዩ። ደጋኑንም ወደ ብሪጁ ትንሽ አስጠጉና ከመነሻው ያዝ አድርጉ። ካልተቻለ የተጠመጠመች ኢ ግዙ። የስሎቫኪያው ዋርቻል አምበር የሚላት ኢ ደግሞ ጉደኛ ናት። ስትላላ አንድ ቦታ ላይ እንደ ስፕሪንግ የተጠመዘዘች ናት፤ ስትወጠር ትቀናለች፤ መጠማዘዙን ትገታለች። በወርቅ የተለበጠ ኢ ድምፁ ያምራል፣ ግን ለማፏጨት ቅርብ ነው።

ቅኝት አልይዝ ሲል

አዲስ ሲንተቲክ ክር ለጥቂት ቀናት ይላላል። ጤናማ ነው፣ እየቃኛችሁ ጠብቁ።

ያረጀ ክር ከሆነ ግን ይህን ሞክሩ። ዲ እና ኤ ክሮችን ባዶ አድርጋችሁ አንድ ላይ እየጎተታችሁ አጥርታችሁ ቃኙ። ከዚያ አንድ ጣት በሁለቱም ላይ እኩል አስተኙና ጎትቱ። ባዶውን የጠራው ከጣት ሥር የሚጎመዝዝ ከሆነ ከሁለቱ አንዱ ክር አልቋል፤ ውፍረቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል አይደለም ማለት ነው። በጣቱ እያሳበቡ ልጁን መቆጣት እዚህ ላይ ግፍ ነው።

መቃኛው ራሱ "ትርር" ብሎ የሚፈታስ? አዲስ አበባ ላይ በጋ ሲገባ እንጨቱ ይደርቅና ይኮማተራል፣ መቃኛው ይንሸራተታል። ክረምት ላይ ያብጥና አልዞርም ይላል። ይሄ በክር አይድንም። ክሩን ስትጠመጥሙ የመጨረሻዎቹን ዙሮች ወደ መቃኛ ሳጥኑ ግድግዳ አስጠጉ፣ መቃኛውንም እያዞራችሁ ወደ ውስጥ ግፉት።

ክር እየተበጠሰ ሲያስቸግር

የተበጠሰውን አትጣሉት። የት ላይ እንደተበጠሰ ይነግራችኋል።

መቃኛው አጠገብ፣ የጣት ሰሌዳው ራስ ላይ ባለችው ጥቁር እንጨት ከሆነ፣ ቦዩ ጠቦ ክሩን እየያዘው ነው። የተሳለ እርሳስ ቦዩ ውስጥ አመላልሱ። ግራፋይቱ ያንሸራትተዋል። ብሪጁ ላይ ከሆነም እርሳሱ ይሠራል። ኢ ብሪጁን እየሰረሰረች ከሆነ ከሥሯ ስስ የቆዳ ቁራጭ ይለጠፋል። ታች የክሮቹ ጫፍ በሚታሰርበት ቴልፒስ ዘንድ ከሆነ የፋይን ቱነሩ ጠርዝ ስለት ሆኖ ይሆናል። ኤ ክር መሐሉ ላይ ጥምጥሙ የሚተረተር ከሆነ ደግሞ ላብና ጥፍር ነው። ጥፍር ቁረጡ፣ እጅ ታጠቡ።

ዝዝዝ የሚል ድምፅ

በገና ላይ ይሄ ድምፅ ሆን ተብሎ ነው የሚመጣው። አውታሩና በርኩማው (የበገናው ብሪጅ) መካከል እንዝራ የምትባለው ቁራጭ ቆዳ የምትገባው ለዚያ ነው። ቫዮሊን ላይ ግን ብልሽት ነው። የላላ የፋይን ቱነር ብሎን፣ የተፈታ የክር ጥምጥም፣ ወይም የተላቀቀ የእንጨት መጋጠሚያ ይሆናል። ብሎኑን ቀድማችሁ አጥብቁ፤ ነጻ ነው።

ስትቀይሩ

አንድ በአንድ። ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም። የመጀመሪያ ጊዜ አራቱንም ፈትቼ ቫዮሊኑን ልወለውል ተቀመጥኩ። ብሪጁ ወደቀ። ከዚያ ውስጡ "ቋ" አለ። አንስቼ ሳናውጠው አንዲት ዘንግ ወዲያና ወዲህ ትንከባለላለች። የተሰበረ መስሎኝ ላብ አጠመቀኝ። ሳውንድ ፖስቷ ናት። ሙጫ የላትም፣ በፊትና በጀርባው እንጨት መካከል ተቀርቅራ በክሮቹ ጫና ነው የምትቆመው። ጣሊያኖች "አኒማ"፣ ነፍስ፣ ይሏታል። ነፍሱ የወጣችበትን ቫዮሊን ይዤ ጠጋኝ ፍለጋ ሦስት ቀን ዞርኩ።

አንዱን አውጥታችሁ አዲሱን ወጥሩ፣ ቃኙ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። በየመሐሉ ብሪጁን በጎን እዩት። ክር ሲጠብቅ ወደ ጣት ሰሌዳው ይስበዋል። ወደ ቴልፒሱ የዞረው ፊቱ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት።

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ክር ማስመጣት ቀላል ነው፤ ከደብዳቤ አይከብድም። ግን "የቫዮሊን ክር" ብቻ ብላችሁ አትላኩት። የቫዮላ ይዞ የመጣ አውቃለሁ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ "የቫዮሊን፣ 4/4፣ ዶሚናንት፣ ሚዲየም፣ ሙሉ አራቱ፣ ኢዋ ባለ ኳስ።" 4/4 ሙሉ መጠን ማለት ነው፣ ሚዲየም ደግሞ መካከለኛ ውጥረት። የልጅ ቫዮሊን ከሆነ 4/4 የሚለውን በራሱ መጠን ተኩት፣ 3/4 ወይም 1/2። የኢ ክር የታች ጫፍ ኳስ ይሁን ወይስ ቀለበት የሚለውን ለመወሰን፣ ከመላካችሁ በፊት የኢ ፋይን ቱነራችሁን እዩ። ሁለት ጥርስ ካለው ኳስ፣ አንድ ቀጭን መንጠቆ ከሆነ ቀለበት ነው።