የኦፔራ ፖድካስት ሲያዳምጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኦፔራን በፖድካስት ሞክረው «ይሄ ለእኔ አይሆንም» ብለው የተዉ ሰዎች ብዙ ናቸው። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው አደማመጣቸው ላይ ነው። ለዜናና ለወግ የሚስማማው ልማድ ለዘፈን አይሆንም፤ በኦፔራ ፖድካስት ላይ ደግሞ ወጉም ዘፈኑም አንድ ላይ ነው የሚመጣው።

ፍጥነት መጨመርና ዝምታን ማስቆረጥ

ወሬን በ1.5 ፍጥነት መስማት የለመደ ሰው ያንኑ ቅንብር ሳይነካ ወደ ኦፔራ ይገባል። መተግበሪያው ፍጥነቱን ሲጨምር የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት ስለማይለውጥ የተበላሸ ነገር ያለ አይመስልም። ሆኖም የሠለጠነ የኦፔራ ድምፅ በሰከንድ ከ5 እስከ 7 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ቪብራቶ የሚሉት ይህንን ነው። 6 ጊዜ የሚርገበገበው ድምፅ በ1.5 ፍጥነት 9 ጊዜ ይርገበገባል፤ ለጆሮም ብርድ የያዘው ሰው ድምፅ ይሆናል። «ምን ያንቀጠቅጣቸዋል?» ብሎ ዘፋኞቹን ከመውቀስ በፊት የፍጥነት ቁልፉን ማየት ይበጃል።

ከፍጥነቱም የሚብሰው ዝምታን እየቆረጠ የሚዘልለው አማራጭ ነው። ለንግግር ጊዜ ይቆጥባል፤ ሙዚቃ ውስጥ ግን ዝምታው ራሱ በደራሲው የተጻፈ ነው። የፑቺኒን «ላ ቦኤም» መጨረሻ ይውሰዱ። ሚሚ አርፋለች፤ ጓደኞቿ አውቀዋል፤ ፍቅረኛዋ ሮዶልፎ ብቻ ገና አልገባውም። ኦርኬስትራው ይከስማል፣ ቃላቱ ሳይዘፈኑ በንግግር ይወጣሉ፣ በመካከላቸውም ባዶ ጊዜ አለ። የነሐስ መለከቶቹ የሚፈነዱት ከዚያ በኋላ ነው። መተግበሪያው ያንን ባዶ ጊዜ ከበላው ፍንዳታው አለቦታው ይመጣና ሐዘኑ ግርግር ይሆናል። ብዙ መተግበሪያዎች ለእያንዳንዱ ፖድካስት የተለየ ቅንብር ይፈቅዳሉ። ለኦፔራው ፍጥነቱን 1 ላይ ያድርጉ፤ ዝምታ ቆራጩንና ንግግር አጉዪውን ያጥፉ። ሌሎቹን ፖድካስቶች እንደፈለጉ ያስሩጧቸው።

በስልክ ድምፅ ማጉያ መፍረድ

የኦፔራ ዘፋኝ ያለማይክሮፎን ኦርኬስትራን አልፎ የሚሰማው ኃይለኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የኦርኬስትራው ጉልበት በብዛት የሚከማቸው 500 ኸርዝ (በሰከንድ 500 ንዝረት) አካባቢ ነው። የሠለጠነ ዘፋኝ፣ በተለይ ወንዱ፣ ጉሮሮውን አስተካክሎ 3000 ኸርዝ አካባቢ ተጨማሪ ጉልበት ያወጣል፤ ኦርኬስትራው በዚያ ቦታ ደከም ያለ ስለሆነ ድምፁ በክፍተቱ በኩል ያልፋል። የስልክ ትንሽ ማጉያ ደግሞ ጎላ አድርጎ የሚያወጣው እንዲህ ያለውን ቀጭን ክልል ሲሆን ወፍራሞቹን ድምፆች ይጥላል። ውጤቱም ሹል ድምፅ ከላይ፣ ከሥሩ ግን ቼሎና ኮንትራባስ የሚባሉት ወፍራም ድምፅ ያላቸው የክር መሣሪያዎች የሌሉበት ባዶ ነው። ጆሮ ላይ በደንብ የሚገጥም ተራ የጆሮ ማዳመጫ ይህን ችግር በአብዛኛው ይፈታዋል፤ ውድ ዕቃ አያስፈልግም።

ሌላም አለ። የፖድካስት አዘጋጆች ዝግጅቱ መንገድ ላይም እንዲሰማ ብለው ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ ያደርጋሉ። ስለዚህ እዚያ የሚሰማ ቅንጫቢ የዘፋኙን ሹክሹክታና ጩኸት ያቀራርባቸዋል። ዘፋኙን የሚመዝኑት በሙሉው ቅጂ ነው። ወደዚያ ሲሸጋገሩ ደግሞ ድምፁን በጸጥተኛው ቦታ አይለኩ። «ላ ትራቪያታ» የሚከፈተው እጅግ ቀጭንና ዝቅ ባለ የቫዮሊን ድምፅ ነው፤ ያ እንዲሰማ ብለው ከፍ ካደረጉት መጋረጃው ተገልጦ የድግሱ ሙዚቃ ሲጀምር ያስደነግጥዎታል። መጀመሪያ ድግሱን ይክፈቱና በእሱ ይለኩ፤ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ይመለሱ።

ወሬው ሲያልቅ ማጥፋት

የኒውዮርኩ ሬዲዮ ጣቢያ ደብልዩ ኪው ኤክስ አር ከሜትሮፖሊታን ኦፔራ ጋር ያዘጋጀውና ሪያነን ጊደንስ የምታቀርበው «አሪያ ኮድ» የተሰኘ ፖድካስት አንድ አሪያን (አንድ ዘፋኝ ለብቻው የሚዘፍነውን የኦፔራ ዘፈን) ይዞ ዘፋኞችና ሌሎች እንግዶች ከየአቅጣጫው ይፈቱታል፤ በመጨረሻ አሪያው ከሜትሮፖሊታን መድረክ በተቀዳ ድምፅ ሙሉውን ይሰማል። ውይይቱ ሲያበቃ የሚያጠፋ አድማጭ ዝግጅቱ በሙሉ የተደከመበትን ነገር ጥሎ ነው የሚሄደው። ሳህን እያጠቡ ወሬውን መስማት ይቻላል፤ ለመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ግን ውሃውን ዘግቶ መቀመጥ ነው።

አሪያውን ብቻ መልቀም

ይህ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይመስለናል፤ ፖድካስቶቹም ሳያስቡት ያበረታቱታል።

በቨርዲ «ሪጎሌቶ» ውስጥ ዱኩ (መስፍኑ) የሚዘፍነውን «ላ ዶና ኤ ሞቢሌ» ያልሰማ ጥቂት ነው። ሴት ተለዋዋጭ ናት እያለ የሚቀልድ ቀላል ዜማ ነው፤ ለብቻው ሲሰሙት የደስታ ዘፈን ነው። በሦስተኛው ገቢር ግን ሥራው ሌላ ነው። ሪጎሌቶ ልጁን ያበላሸበትን ዱክ ለማስገደል ገንዘብ ከፍሏል። እኩለ ሌሊት ላይ ሬሳ ያለበትን ጆንያ ይቀበላል፤ ወንዝ ሊጥለው ሲል ከሩቅ ያው ዜማ ይሰማል፤ ሞቷል የተባለው ሰው እየዘፈነ ነው። ሪጎሌቶ ጆንያውን ይከፍታል፤ ውስጡ ያለችው ልጁ ጂልዳ ናት። ቨርዲ ዜማውን እንዲህ በቀላሉ የሚያዝ ያደረገው ለዚህች ቅጽበት ነው፤ አድማጩ ከሪጎሌቶ ጋር እኩል እንዲያውቀው ዜማው አስቀድሞ ጆሮው ውስጥ መግባት ነበረበት። አሪያውን ብቻ የለቀመ ሰው ወጥመዱን አይቶ የሚይዘውን አላየም።

ስለዚህ አንድ የፖድካስት ክፍል ካዳመጡ በኋላ አሪያው ያለበትን ገቢር በሙሉ ይስሙ። አንድ ገቢር ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ይፈጃል። የኦፔራውን ቃል፣ ሊብሬቶውን፣ መነሻ ቋንቋውና ትርጉሙ ጎን ለጎን የሰፈሩበትን ፈልገው በዓይን ይከተሉ። ከአሪያው በፊት ያለውን ሬሲታቲቭም፣ ማለትም ንግግር መሰሉን ዘፈን፣ አይዝለሉት፤ ታሪኩ የሚራመደው በእሱ ነው፣ አሪያው ሲመጣ ታሪኩ ቆሞ ስሜቱ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ፖድካስቱን እንደገና ቢሰሙት እንግዶቹ ምን እያሉ እንደነበረ ያኔ ይገባዎታል።

ታሪኩን ላለማወቅ መጠንቀቅ

«መጨረሻውን እንዳትነግሩኝ» እዚህ አይሠራም። በቬኒስ ለሕዝብ ክፍት የሆነው የመጀመሪያው ኦፔራ ቤት ሥራ የጀመረው በ1637 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)፤ በዚያ ዘመን ታዳሚው የታተመ ሊብሬቶ እያነበበ ይከታተል ነበር። በተዘረጋ ድምፅ፣ ያውም ሦስት አራት ሰው በአንድነት ሲዘፍን፣ ቋንቋው የራስ ቢሆን እንኳ ቃሉን መለየት ይከብዳል። ታሪኩን በአንድ ገጽ አንብበው ይግቡ።

ቅጂ ሲፈልጉ መሳሳት

አሪያ ብዙውን ጊዜ የሚጠራው በመጀመሪያዎቹ ቃላቱ ነው። ሲፈልጉ የኦፔራውን ስም፣ የአሪያውን የመጀመሪያ ቃላትና የዘፋኙን ስም አንድ ላይ ያስገቡ፤ በአሪያው ስም ብቻ ከፈለጉ የማስታወቂያ ሙዚቃና የፒያኖ ቅንብር ይጎርፍልዎታል። ሙሉ ቅጂ ሲከፍቱ ሁለት ነገር ያጥፉ። አንደኛው ዘፈኖችን የሚያዘበራርቀው ቁልፍ ነው። ሁለተኛው የአንዱን ትራክ ጅራት ከቀጣዩ ራስ ጋር የሚያደባልቀው አማራጭ ነው። ፑቺኒና ዋግነር ሙዚቃውን ሳያቋርጡ ነው የጻፉት፤ ትራኮቹን የከፋፈለው አሳታሚው ነው።

የሰሙትና ያገኙት ካልገጠመ ደግሞ ዘፋኙ ተሳስቶ ላይሆን ይችላል። «ካርመን» በ1875 ፓሪስ መድረክ ላይ ሲወጣ በዘፈኖቹ መካከል ተራ ንግግር ነበረው። ደራሲው ቢዜ በዚያው ዓመት ሞተ፤ ኤርነስት ጊሮ ንግግሩን ወደ ሬሲታቲቭ ለወጠው። ዛሬ ሁለቱም ዓይነት ቅጂ አለ። የቨርዲ «ዶን ካርሎስም» በ1867 ፓሪስ በፈረንሳይኛ በአምስት ገቢር፣ በ1884 ሚላን በጣሊያንኛ በአራት ገቢር ቀርቧል፤ ፖድካስቱ ስለ መጀመሪያው ገቢር ሲያወራ የትኛውን ማለቱ እንደሆነ ያጣሩ።

በአሮጌ ቅጂ ወይም በረጅሙ መጀመር

ዘፋኙ ኤንሪኮ ካሩሶ በ1921 ሞተ፤ በኤሌክትሪክ መቅዳት የተጀመረው በ1925 ነው። እሱ የቀዳው ሁሉ በቀንድ መሰል መቀበያ ውስጥ እየዘፈነ ነው፤ ኦርኬስትራው ቀጥኖ ከሩቅ የሚሰማውም ለዚህ ነው። አንዱ የዲስክ ገጽ አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚይዝ አንዳንድ አሪያ ተቆርጦ ነበር የሚቀዳው። ዜማውን በአዲስ ቅጂ ከለመዱ በኋላ ይመለሱበት፤ ያኔ ጆሮዎ የጎደለውን ይሞላል።

የዋግነር «ሪንግ» አራቱ ኦፔራዎች 15 ሰዓት ገደማ ናቸው። «ቶስካ» እና «ላ ቦኤም» እያንዳንዳቸው ከሁለት ሰዓት ያንሳሉ። ከየትኛው መጀመር እንዳለበት ግልጽ ነው።

ዘፋኝን በአንድ ከፍተኛ ኖታ መመዘን

አቅራቢዎች ስለ ከፍተኛ ኖታ ማውራት ይወዳሉ፤ አድማጭም ሳያውቀው ኖታ ጠባቂ ይሆናል። በ«ኢል ትሮቫቶሬ» ውስጥ «ዲ ኬላ ፒራ» ላይ ቴነሮች (ቀጭን ድምፅ ያላቸው ወንድ ዘፋኞች) የሚያወጡትን ከፍተኛ ዶ የሚባል ኖታ ቨርዲ አልጻፈውም፤ ዘፋኞች ጨምረውት ልማድ ሆነ። አንዳንዶች እሱን ለማውጣት ሲሉ አሪያውን በሙሉ ወደ ዝቅተኛ ኖታዎች ያስወርዳሉ። በ«ላ ትራቪያታ» አንደኛ ገቢር ማብቂያ ላይ ቫዮሌታ የምታወጣው ቀጭኑ ኖታም እንዲሁ የተጨመረ ነው። በታኅሣሥ 2000 (እንደ ፈረንጆቹ) የኦርኬስትራ መሪው (ኮንዳክተሩ) ሪካርዶ ሙቲ በሚላኑ ኦፔራ ቤት ላ ስካላ በ«ኢል ትሮቫቶሬ» ላይ የቨርዲን ጽሑፍ ጠብቆ ከፍተኛውን ዶ ሲያስቀር ከታዳሚው መካከል ተቃውሞ ተሰማ። ኖታው ስላልመጣ ዘፋኙ አቃተው ከማለትዎ በፊት ኮንዳክተሩ ማን እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከዚያ ወደ ኋላ መለስ ብለው ከኖታው በፊት ያሉትን አንድ ሁለት ደቂቃዎች ይስሙ፤ ቃሉ ጥርት ብሎ ይወጣል ወይ፣ ትንፋሹ በሐረግ መካከል ይቆረጣል ወይ፣ ድምፁ ዝቅ ሲል ቀለሙ ይጠፋል ወይ?