የተጎዳ ውሻ ከማንሳታችሁ በፊት መቀነት ፈልጉ

መኪና የገጨው ወይም እግሩ የተሰበረ ውሻ ያሳደገውን ሰው ሳይቀር ሊነክስ ይችላል። ክፋት አይደለም፣ ሕመሙ ነው። ስለዚህ ከማንሳታችሁ በፊት አፉን ለጊዜው እሰሩት። መቀነት፣ ክራቫት ወይም 1 ሜትር ያህል የሚረዝም የነጠላ ቁራጭ ይበቃል።

መሃሉ ላይ ሰፋ ያለ ቀለበት ሥሩ። ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎኑ ሆናችሁ አፉ ላይ አጥልቁለትና ሳብ አድርጉት። ጫፎቹን አገጩ ሥር አጣምራችሁ ከጆሮው ኋላ ቶሎ በሚፈታ ቋጠሮ እሰሩ። የውሻ መንጋጋ ጉልበቱ ሲነክስ ነው፤ አፉን ለመክፈት ግን ያን ያህል አቅም የለውም። ለዚህ ነው ስስ ጨርቅ የሚይዘው። ከዚያ ጋቢ ላይ አንሸራታችሁ ለሁለት ተሸክማችሁ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት።

የሚያስመልሰው፣ ትንፋሽ ያጠረው ወይም አፍንጫው ደፍጣጣ ከሆነ ግን በፍጹም አትሰሩት። ደህና የሚተነፍሰውንም ከጥቂት ደቂቃ በላይ አታቆዩበት፤ ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው እያለከለከ ነው።

አደራ፣ አዝናችሁለት እንደ አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ያለ የሰው ሕመም ማስታገሻ እንዳትሰጡት። ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዱታል።